የ10 ዓመት ልጅ፣ 52 ኪሎ፣ ኤ ዋን ሲ 5.9፦ ስኳር ይዟታል ወይስ ገና ነው?

ጠያቂ፦ አክስት (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። የእህቴ ልጅ 10 ዓመት ከ4 ወሯ ነው። ቁመቷ 142 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 52 ኪሎ። ለዓመታዊ ምርመራ ሄዳ ደም ታዘዘላትና ውጤቱ እንዲህ መጣ፦ በባዶ ሆድ የተለካው ስኳር 104፣ ኤ ዋን ሲ (ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ስኳር የሚያሳየው) 5.9። ሐኪሟ «ፕሪዳያቤቲስ ነው፣ ክብደት ትቀንስ፣ ከስድስት ወር በኋላ ይደገማል» ብላ ሸኘቻቸው። እናቷ እሷን አርግዛ ሳለች የእርግዝና ስኳር ነበረባት። አያቷም ስኳር አለባቸው። ሌላው፣ የልጅቷ አንገት ከኋላ በኩል ጠቁሯል፣ ብብቷም እንደዚያው። እናቷ ጠዋት ማታ በስፖንጅ ትፈትገዋለች፣ አይለቅም።

ጥያቄዎቼ፦ በሽታው ይዟታል ማለት ነው? «ትቀንስ» ሲባል ስንት ኪሎ ነው? እንጀራ እናስቁማት? የአንገቷስ ነገር ከዚህ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ የሕፃናት ነርስ

እህቴ፣ ከአንገቷ ልጀምር፤ ልጅቷ በከንቱ እየተፈተገች ነውና። እድፍ አይደለም። አካንቶሲስ ኒግሪካንስ ይባላል። ደም ውስጥ ኢንሱሊን (ቆሽት የምታመርተው፣ ስኳርን ከደም ወደ ሴል የሚያስገባ ሆርሞን) ከልክ በላይ ሲሆን የቆዳ ሴሎች ይባዛሉ፤ ቆዳው ይወፍራል፣ ይጠቁራል፣ በእጅ ሲዳሰስ ከፋይ ጨርቅ ይመስላል። አንገት፣ ብብትና ብሽሽት ላይ ይበዛል፤ አንዳንዴ የጣት መገጣጠሚያ ላይም ይወጣል። ስፖንጅና ማንጫ ክሬም ቆዳውን አቁስለው ይበልጥ ያጠቁሩታል እንጂ አያነሱትም። የሚያነሳው የኢንሱሊኑ መውረድ ነው፤ ይህም ወራት ይፈጃል። ለእናቷ ዛሬውኑ ንገሪያት። ልጅቷም «ቆሻሻ» አለመሆኗን ከአፋችሁ ትስማ፤ ትምህርት ቤት ውስጥ በዚህ የሚሾፍባቸው ልጆች ብዙ ናቸው።

በሽታው አልያዛትም። በባዶ ሆድ ከ100 በታች ጤነኛ ነው፣ ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር (ሐኪሟ ፕሪዳያቤቲስ ያለችው)፣ 126 እና በላይ ስኳር በሽታ። ኤ ዋን ሲ ከ5.7 በታች ጤነኛ፣ ከ5.7 እስከ 6.4 ቅድመ ስኳር፣ ከ6.5 ጀምሮ በሽታ። እሷ በሁለቱም መሃል ላይ ናት። አውሮፓ ላላችሁ፦ 104 ማለት 5.8 ሚሊሞል ነው፣ 5.9 ደግሞ በእናንተ አጻጻፍ 41።

ግን ቀላል ነገር አይደለም፣ ምክንያቱን ላስረዳ። ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ስብ ሲጠራቀም ኢንሱሊን ሥራውን እንደ ልብ መሥራት ያቅተዋል። ቆሽት ይህን ለማካካስ እጥፍ ድርብ ታመርታለች፤ የአንገቷ ጥቁረት የዚያ ምስክር ነው። ስኳሩ የሚወጣው ቆሽት ሲደክማት ነው። በዚህ ላይ ጉርምስና ይመጣል። በጉርምስና ወቅት የእድገት ሆርሞን ስለሚጨምር ቀጭን ልጅ ላይ እንኳ ኢንሱሊን ይዳከማል። ዓይነት ሁለት ስኳር ልጆች ላይ ከ10 ዓመት በፊት እምብዛም የማይታየውና ከዚያ በኋላ የሚመጣው ለዚህ ነው። እሷ አሁን በሩ ላይ ናት። የእናቷ የእርግዝና ስኳርና የአያቷ በሽታ ሲጨመር፣ ሐኪሟ ደም ማዘዟ ትክክል ነበር፤ ከ10 ዓመት ጀምሮ፣ ወይም ጉርምስና ቀድሞ ከመጣ ከዚያ ጀምሮ፣ ከክብደት ሌላ አንድ ተጨማሪ ምክንያት ያለበት ልጅ መመርመር አለበት።

«ልጅ ናት፣ ታልፈዋለች» ለሚሉ ዘመዶች ደግሞ ይህን ንገሩልኝ። በልጅነት የሚጀምር ዓይነት ሁለት ስኳር ከአዋቂው ይፈጥናል። አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 17 የሆኑ 699 ልጆችን የተከታተለው ቱደይ የተባለው ጥናት በ2012 ሲወጣ፣ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር ኪኒን ብቻ ከወሰዱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መድኃኒቱ ስኳራቸውን ሊገታ አልቻለም። እነዚያው ልጆች በአማካይ 26 ዓመት ሲሆናቸው 60 በመቶዎቹ ኩላሊት፣ ዓይን ወይም ነርቭ ላይ ቢያንስ አንድ ጉዳት ደርሶባቸው ነበር። ቅድመ ስኳር ላይ ያሉ ልጆች ግን ብዙዎቹ ወደ ጤነኛው ቁጥር ይመለሳሉ። ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ኪሎው። ቢኤምአይ ማለት ኪሎው በቁመት (በሜትር) ሁለት ጊዜ ሲካፈል ነው፦ 52 ለ1.42፣ ውጤቱ እንደገና ለ1.42፣ 25.8 ይሆናል። በዕድሜዋ ላሉ ሴት ልጆች የአሜሪካው የውፍረት መስመር 23 አካባቢ ነው። የአዋቂውን «ከ25 በታች ጤነኛ» የሚለውን ለልጅ አትጠቀሙ፣ ያሳስታል።

እሷ እያደገች ስለሆነ መቀነስ ላያስፈልጋት ይችላል። በዓመት 6 ሴንቲ ሜትር ብታድግና 52 ኪሎ ላይ ብትቆይ፣ በሚቀጥለው ዓመት 148 ላይ 23.7፣ በሁለተኛው ዓመት 154 ላይ 21.9 ትሆናለች። የ12 ዓመት ልጅ መስመር ደግሞ ወደ 25 ከፍ ይላል። ጉርምስና ላይ ያለች ልጅ ጭራሽ ኪሎ አትጨምር ማለት ይከብዳል፤ በዓመት 2 ኪሎ ጨምራ 56 ብትገባ እንኳ 23.6 ነው፣ ከመስመሩ በታች። ይህ ስሌት የማይሠራው የወር አበባ ካየች ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ቁመት አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ነውና። ስለዚህ ጊዜው አሁን ነው።

ክብደቷን በወር አንዴ መዝኑ፣ በየቀኑ አይደለም። ከሚዛኑ ይልቅ ወገቧን መለካት እመርጣለሁ፦ ከታችኛው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት መሃል፣ ትንፋሿን አውጥታ፣ ሜትሩ ሳይጠብቅ። ከቁመቷ ግማሽ በታች መሆን አለበት፤ ለእሷ 71 ሴንቲ ሜትር።

መልስ፦ ላብ ቴክኒሻን

ከላይ ያለው ትክክል ነው፤ እኔ ስለ ምርመራው ብቻ ልጨምር። ሲደገም የሚበላሸው እዚህ ነው።

ኤ ዋን ሲ የቀይ የደም ሴል ዕድሜ ላይ የተመሠረተ ነው። ልጅቷ የብረት እጥረት ካለባት ቁጥሩ ያለ ስኳር ከፍ ይላል። ሴሎቿ ቶሎ የሚሞቱ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሲክል ሴል ወይም ጂ6ፒዲ እጥረት (ሁለቱም በዘር የሚወረሱ የቀይ የደም ሴል ችግሮች ናቸው) ካለባት፣ ወይም ደም ተሰጥቷት ከሆነ በሐሰት ዝቅ ይላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ወባ ታሞ የዳነ ልጅም እንዲሁ። ስለዚህ ከኤ ዋን ሲው ጋር ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) እና ፌሪቲን (የብረት ክምችት ምርመራ) አብሮ እንዲሠራ ጠይቁ። እሷ ላይ ሁለቱም ምርመራ አንድ አቅጣጫ ስለሚያሳይ 5.9ኙ የሚታመን ይመስለኛል።

በባዶ ሆድ ማለት ቢያንስ 8 ሰዓት ከውሃ በቀር ምንም አለመቅመስ ነው። ሻይ በስኳር፣ ማስቲካ፣ መንገድ ላይ «ትንሽ ብቻ» የተባለች ብስኩት፣ ሁሉም ያበላሹታል። አዋቂው አይናገርም እንጂ ልጅ ስትጠየቅ ታወጣዋለች፤ ደም ሳይቀዳ በፊት ልጅቷን ራሷን ጠይቋት።

ሌላው ናሙናው ነው። ደሙ ተቀድቶ ፈሳሹ ከሴሎቹ ሳይለይ ጠረጴዛ ላይ ከቆየ፣ ሴሎቹ ስኳሩን ስለሚበሉት በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል። 104 የነበረው ሁለት ሰዓት ቢቆይ ከ95 በታች ወርዶ «ጤነኛ» ተብሎ ሊወጣ ይችላል። ግራጫ ክዳን ባለው ቱቦ ሲቀዳ መቀነሱ ከጊዜ በኋላ ይቆማል፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ግን ሙሉ በሙሉ አያድንም። ዋናው ቶሎ መለየቱ ነው።

ሐኪሟ የሚጠጣውን የግሉኮስ ምርመራ ካዘዘች መጠኑ በኪሎ 1.75 ግራም ነው፤ ለ52 ኪሎ 91 ይመጣል፣ ግን ጣሪያው 75 ስለሆነ 75 ግራም ትጠጣለች። ከሁለት ሰዓት በኋላ ከ140 በታች ጤነኛ፣ ከ140 እስከ 199 ቅድመ ስኳር፣ 200 እና በላይ በሽታ ነው። ከምርመራው በፊት ባሉት ሦስት ቀናት እንጀራና ዳቦ ከልክላችሁ እንዳታመጧት፤ ሰውነት ከካርቦሃይድሬት ሲርቅ የሚጠጣውን ስኳር ማስወገድ ይዘገይበትና ውጤቱ በሐሰት ከፍ ይላል። «ጥሩ ውጤት እንዲመጣ» ብለው ሲያደርጉት የሚገለበጥባቸው ወላጆች አሉ።

ምልክት የሌላት ልጅ በአንድ ውጤት ብቻ «ስኳር አለባት» አይባልም፤ ሁለት ውጤት ያስፈልጋል፣ ወይ በአንድ ቀን ሁለት ዓይነት ምርመራ ወይ በሌላ ቀን ድጋሚ።

መልስ፦ ሽሮ ፈሰስ (የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ)

እንጀራ አታስቁሟት! እባካችሁ። ልጅ ከገበታው ተለይታ ሰላጣ ሲሰጣት ቅጣት ነው የሚመስላት፤ ሳምንት ሳይሞላ ኩሽና ገብታ ተደብቃ ትበላለች።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው። መጀመሪያ የሚጠጣው። አሜሪካ ውስጥ 591 ሚሊ ሊትር የሚይዘው የኮካ ኮላ ጠርሙስ 65 ግራም ስኳር አለው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ስለሆነ 16 ማንኪያ ነው። አዲስ አበባ የሚሸጠው ትንሹ የመስታወት ጠርሙስ ግማሽ ያህሉ ነው፣ እሱም ቢሆን የቀኑን ይጨርሳል፤ ለልጅ በቀን የሚፈቀደው የተጨመረ ስኳር ከ25 ግራም በታች ነውና። ጁስም ከዚህ አያመልጥም። ከ7 ዓመት በላይ ላለ ልጅ ጣሪያው በቀን አንድ ብርጭቆ፣ 240 ሚሊ ሊትር ነው፤ እሷ ያለችበትን ሁኔታ ሳይ እኔ ዜሮ ነው የምለው፣ ብርቱካኑን ልጣ ትብላው። እዚህ የጁስ ቤት አቮካዶ ላይ የሚጨመረው የስኳር ውኃ ራሱን የቻለ ለስላሳ ነው። የታሸገ ነገር ስትገዙ ጀርባው ላይ «የተጨመረ ስኳር» የሚለውን መስመር ፈልጉና ለ4 አካፍሉት። ከዚያ በፊት ግን «ሰርቪንግ» (የአንድ ጊዜ መጠን) የሚለውን አንብቡ፤ ጠርሙሱ አንድ ሆኖ ውስጡ ሁለት ሰርቪንግ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ቤት ውስጥ ውኃና ያልጣፈጠ ወተት ብቻ ይኑር። ይህን ብቻ ያስተካከሉ ቤተሰቦች ሌላ ምንም ሳይነኩ ለውጥ ያያሉ።

ሁለተኛ ትሪው። ከአንድ ትሪ አብራችሁ ስትበሉ ማን ስንት እንደበላ አይታይም፤ ከሥር ያለው ወጥ የጠጣ እንጀራ ደግሞ መጨረሻ ላይ ለልጅ ነው የሚተርፈው። ከሁሉም ዘይት የሞላበት እሱ ነው። ለእሷ የራሷ ሳህን ይሁን፦ ግማሹ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ጥቅል ጎመን ወይም ሰላጣ፣ ሩቡ ምስር፣ ሽሮ፣ ሥጋ ወይም እንቁላል፣ ሩቡ እንጀራ። በተግባር ከአንድ ትልቅ እንጀራ ሩቡን ቆርጣችሁ ጠቅልላችሁ ጎን ላይ አስቀምጡላት። አልጠገብኩም ካለች ወጡና ጎመኑ ይደገም፣ እንጀራው አይደገም። ድንች የምግብ ስሌት ውስጥ ከእንጀራ ወገን እንጂ ከጎመን ወገን አይደለም፤ አልጫው ድንች ከሆነ እንጀራው ይቀነስ። ውጭ አገር የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ ከስንዴ ዱቄት ጋር የተቀላቀለ ስለሆነ «ጤፍ ነው» ብላችሁ እንዳታበዙ።

ሦስተኛ ዘይት። አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ነው፣ የወይራም ይሁን የሱፍ ወይም የተነጠረ ቅቤ። ቁሌቱ ላይ በዓይን ግምት ከጠርሙስ ስትገለብጡ ስንት እንደሆነ አታውቁትም። በማንኪያ ስፈሩ፤ ለአራት ሰው ወጥ ሁለት ማንኪያ ይበቃል። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ በራሱ ውኃ፣ ሲደርቅ ትንሽ ውኃ ጠብ እያደረጋችሁ አቁላሉት፤ ዘይቱ ከበርበሬው ጋር ይግባ። ጣዕሙ አይጎድልም።

ሁሉም ሰው ቤት ውስጥ አንድ ዓይነት ይብላ። ቀጭኑ ወንድሟ ፊቷ ላይ ለስላሳ እየጠጣ እሷ ውኃ ከተባለች አልቆላችኋል።

ጠያቂ፦ አክስት

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ሦስት ነገር ልጨምር። ጠዋት ቤት ቁርስ በልታ ትወጣለች፣ ትምህርት ቤትም ቁርስ እንደሚሰጣት አሁን ነው ያወቅነው። እራት ደግሞ እናቷ ከሥራ ስትመጣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አያቷ አብሽ በማርና የሽፈራው ሻይ እየሰጧት ነው፣ «ስኳርን ያወርዳል» ብለው። ጉርሻቸውም አይቆምም። ጾም ቢያዝላትስ ይቀንስላታል ወይ?

መልስ፦ ሽሮ ፈሰስ

ሁለት ቁርስ ብዙ ቤት ያለ ነው። አንዱን ምረጡ። የቤቱ ቢሆን ይሻላል፦ እንቁላል፣ ወይም ፉል በአንድ ቁራሽ ዳቦ፣ ያልጣፈጠ ወተት። ቁርስ በልታ እንደምትመጣ ለአስተማሪዋ ማስታወሻ ጻፉ፤ ልጅቷ ብቻዋን አልበላም ማለት አትችልም። እራቱ ወደ አንድ ሰዓት ይምጣ፤ እናቷ ባትደርስ አያቷ ያቅርቡላት። እናቷ ስትመጣ አብራት ትቀመጥ፣ አትድገም።

አብሹ ራሱ አይጎዳትም፣ ማሩ ግን ስኳር ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ስኳር አለው። አብሽም ሽፈራውም ልጅ ላይ ቅድመ ስኳርን የሚመልስ መድኃኒት አይደሉም። ምርመራም ክትትልም አይተኩም።

ጾሙ የእምነት ጉዳይ ነው፣ ለክብደት ብላችሁ ግን አታስይዟት። ሥጋና ወተቱ ሲወጣ ቦታውን የሚይዙት ዳቦ፣ ሳምቡሳ፣ ፓስታና ዘይት ናቸው። እስከ ቀትር ተርቦ የቆየ ልጅ ደግሞ ሲፈታ እጥፍ ይበላል።

ለእማማ ጉርሻውን አትከልክሏቸው፣ ይከፋሉ። ከጎመኑ ያጉርሷት፣ ሦስት ጉርሻ፣ ያውም ከሳህኗ ላይ። አንድ ነገር ግን ይቁም፦ ገበታ ላይ «ዱባ»፣ «ጠብደል» እያሉ መጥራት፣ በፍቅርም ቢሆን። በክብደቱ የሚጠራ ልጅ ይበልጥ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

መልስ፦ የሕፃናት ነርስ

የቀሩትን በአጭሩ ልጨርስ። እንቅስቃሴ በቀን 60 ደቂቃ ነው፣ በሳምንት ሦስቱ ቀን ቢያንስ የሚያስተነፍስ ይሁን። አንድ ላይ መሆን የለበትም፤ 20 ደቂቃ ሦስት ጊዜም ይሠራል። ክረምት አፓርታማ ውስጥ እስክስታ ቴሌቪዥን ፊት 20 ደቂቃ በደንብ ያልባል። ከእራት በኋላ 15 ደቂቃ መራመድ ለእሷ ከሁሉም በላይ ዋጋ አለው፤ የሚሠራ ጡንቻ ስኳርን ያለ ኢንሱሊን ይወስዳልና። እንቅልፍ በዕድሜዋ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ስልኩ ከመኝታ ቤት ውጭ። ታንኮራፋለች? እንቅልፏ ውስጥ ትንፋሿ የሚቆራረጥ ከሆነ ለሐኪሟ ንገሩ።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ የሚጠየቀው፦ የደም ግፊቷ ለክንዷ ልክ በሆነ መጠቅለያ ይለካ፣ የጉበት ምርመራ (ኤኤልቲ) እና የደም ቅባት ይሠራ። «ትቀንስ» ተብሎ መሸኘት አይበቃም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ የ2023 መመሪያ ከ3 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ቢያንስ 26 ሰዓት ለቤተሰቡ በሙሉ የሚሰጥ የፊት ለፊት ምክር ይላል። ሪፈራል ጠይቁ፤ ሜሪላንድ ውስጥ ትልልቅ የሕፃናት ሆስፒታሎች በቅርብ አሉ። ሜትፎርሚን ከ10 ዓመት ጀምሮ የተፈቀደው ለስኳር በሽታ እንጂ ለቅድመ ስኳር አይደለም። የአያቷን ኪኒን አካፍሎ መስጠት የሚያስቡ ዘመዶች ካሉ በጊዜ ይቁሙ።

ስድስት ወር የማይጠበቅባቸው ምልክቶች አሉ፦ ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት መነሳት ወይም ትታው የነበረ አልጋ ማርጠብ እንደገና መጀመር፣ የማይቆርጥ ጥም፣ ሳትሞክር ኪሎ መቀነስ። የመጨረሻው ብዙዎችን ያታልላል፤ «ጎበዝ፣ ቀነሰች» ተብሎ ይጨበጨባል። ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት ወይም ፈጣን ጥልቅ ትንፋሽ ከተጨመረ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። ወፍራም ልጅም ዓይነት አንድ ስኳር ሊይዘው ስለሚችል እዚያ የኪቶን (ኢንሱሊን ሲጠፋ ደም ውስጥ የሚጠራቀም አሲድ) እና ዓይነት አንድን የሚለይ የአንቲቦዲ ምርመራ ይሠራላታል።

ጠያቂ፦ አክስት

የመጨረሻ ጥያቄ፦ በአያቷ መለኪያ ቤት ውስጥ ጣቷን እየወጋን ብንከታተልስ?

መልስ፦ ላብ ቴክኒሻን

አይመከርም። የቤት መለኪያ እስከ 15 በመቶ ሊስት ይችላል፤ የእሷ 104 አንድ ቀን 90፣ ሌላ ቀን 118 ሆኖ ይወጣና ቤቱ በሙሉ ይሸበራል። መውጊያውም የአያቷ ከሆነ በደም የሚተላለፍ በሽታ አለ፣ መርፌው ቢቀየር እንኳ። ከላይ የተጻፉት ምልክቶች ከታዩ ብቻ፣ አዲስ መውጊያ ገዝታችሁ፣ እጇን በሳሙናና ውኃ ታጥባ አድርቃችሁ ለኩ። ሙዝ ልጣ በልታ በዚያው ጣት ብትለካ ቁጥሩ ከ200 ሊያልፍ ይችላል። ታጥባም 200 እና በላይ ካሳየ ነገ አትበሉ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዷት።